የምህንድስና ዶክትሬት ከሰሜን ሸዋ ሲታይ፦ የሚያስከፍለውና የሚሰጠው

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ መሐንዲስ ብዙ ነው። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምር አለ፤ በውኃና ፍሳሽ፣ በመንገድ ሥራ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካዎችና በዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራም አለ። በብዙዎቹ ልብ ውስጥ «ፒኤችዲውን ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። ይህ ጽሑፍ ዶክትሬቱን ራሱን እንደ አንድ አገልግሎት ወስዶ ይገመግመዋል፦ ምን ይከፈልበታል፣ ምን ይገኝበታል፣ የት ላይ ይበላሻል፣ ለማን ይሆናል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሊለካ የሚችል ጥያቄ፣ ጥያቄውን የሚለካ በደንብ የሚሠራ መሣሪያ እና ጊዜ ያለው አማካሪ ከተገኙ የምህንድስና ዶክትሬት ዋጋውን ያወጣል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የዩኒቨርሲቲውም ሆነ የአገሩ ስም አያድነውም። ለማዕረጉ ብቻ ብሎ መግባት ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሰዎች ወደዚህ ትምህርት የሚገቡበትን ምክንያት መለየት ያስፈልጋል፤ የሚያዘውን መንገድ የሚወስነው እሱ ነውና። አንዱ ምክንያት ደረጃ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ሌክቸረር ነው፤ ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት የሚያስገባው የተለመደ በር ዶክትሬት ነው፤ ተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ፕሮፌሰርነት ደግሞ ከዚያ በኋላ በሚወጣ የምርምር ኅትመት ይመጣሉ። ማስተማርን የዕድሜ ልክ ሥራው ላደረገ ሰው ይህ ቀናና በቂ ምክንያት ነው። ሌላው ውጭ አገር መውጣት ነው። ይህም አያሳፍርም፤ ዓላማው መውጣት ብቻ ከሆነ ግን የሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ አጭሩ መንገድ ነው፣ በሁለት ዓመት ያልቃል። የቤተሰብና የአገር ክብርም አለ። ልጃችን ዶክተር ሆነ መባል በመንዝም በቡልጋም በተጉለትም ትልቅ ነገር ነው። ክብሩ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም በሦስተኛው ዓመት ሙከራው አልሠራ ሲል ማለዳ ወደ ላብራቶሪ የሚያስሄድ ጉልበት አይሆንም። ያንን ጉልበት የሚሰጠው በሥራ ላይ ያጋጠመና መልሱ በመማሪያ መጽሐፍም በስታንዳርድም ያልተገኘ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የያዘ ሰው ከሌሎቹ ምክንያቶች አንዱ ቢጨመርበት አይጎዳውም። ጥያቄ የሌለው ግን ሁሉም ቢደረቡለት መሃል ላይ ይደክማል።

ዶክትሬት የማስተርስ ማራዘሚያ የሚመስላቸው አሉ። በማስተርስ ተሲስ የታወቀን ዘዴ በአዲስ ቦታ ላይ ማዋል ይበቃል፤ የዝናብና የፍሳሽ ሞዴል ወስዶ በጀማ ገባር በሆነ አንድ ወንዝ ላይ ማስኬድ ያስመርቃል። በዶክትሬት ግን ሞዴሉ እዚያ ወንዝ ላይ ለምን እንደሚሳሳት፣ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ቢለወጥ እንደሚታረም ማሳየት ያስፈልጋል። በዲፌንስ ማለትም ተማሪው ሥራውን በፈታኞች ፊት በሚያስረዳበትና በሚከላከልበት ቀን የሚቀርበው ዋና ጥያቄ «ከዚህ በፊት ያልታወቀ፣ አሁን በአንተ ሥራ የታወቀው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ይህን ሳይረዱ የገቡ ተማሪዎች ሁለት ዓመት ሙሉ መረጃ ሰብስበው በሦስተኛው ዓመት ጥያቄ መፈለግ ይጀምራሉ። ዶክትሬት ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ሁሉ ይህ የከፋው ነው፤ በገንዘብም በመሣሪያም አይታረምምና።

የሚገኘው ትርፍ በዋናነት ችሎታ ነው። የመጀመሪያው፣ ቁጥር ሲሰጠው «ይህ ስንት ሊሳሳት ይችላል?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። ዶክትሬቱን በአግባቡ የሠራ መሐንዲስ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ሲያነብ ናሙናው እንዴት ተወሰደ፣ ስንት ጊዜ ተደገመ፣ መሣሪያው መቼ ካሊብሬት ተደረገ ማለትም የልኩ ትክክለኛነት መቼ ተፈተሸ ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው፣ ሌላ ሰው በሌላ ከተማ ደግሞ ሊሠራው በሚችል ዝርዝር መጻፍ ነው። ሦስተኛው፣ መመሪያ የሌለውን ሥራ ከባዶ ተነሥቶ እስከ መጨረሻ ማድረስ ነው፤ በጀት፣ ግዢ፣ ሙከራ፣ ጽሑፍ፣ ዲፌንሱ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያልፋል። በተጨማሪም የምርምር ገንዘብ በራስ ስም የማመልከትና ሌሎችን የማማከር በር ይከፈታል። በአሜሪካ በምህንድስና ዶክትሬት ከተመረቁት ውስጥ ሥራ የሚይዙት አብዛኞቹ የሚገቡት ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ኢንዱስትሪ ነው፤ ኩባንያዎቹ የሚፈልጉት ይህንኑ ችሎታ ስለሆነ ነው። እዚህ ግን እንዲህ ያለ የምርምር ክፍል ያለው ፋብሪካ ጥቂት ነው። የሥራ ተቋራጭና አማካሪ ድርጅት የሚከፍለው በዋናነት ለሥራ ልምድና ለሙያ ፈቃድ ደረጃ ነው፤ አራት ዓመት ሳይት ላይ የቆየ የማስተርስ መሐንዲስ አራት ዓመት ላብራቶሪ ከቆየው ጓደኛው የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። ሒሳቡን በብር ብቻ ለሚሠራ ሰው ዶክትሬቱ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ሆኖ ይወጣል፤ ይህን አውቆ መግባት ይሻላል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው፣ ሰሜን ሸዋም በጥያቄ የበለጸገች ናት። ብዙ አመልካቾች ርዕስ የሚፈልጉት ከውጭ ጆርናል ነው፤ ከእግራቸው ሥር ያለውን ያልፉታል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ውኃ በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ የነፋስ ተርባይን በዚያው የነፋስ ፍጥነት ሩብ ያህል ያነሰ ኃይል ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ስታንዳርዶች በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው የተጻፉ ናቸው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ሙቀት የመውሰድና ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ የትራንስፎርመርና የሞተር አቅም ዝቅ ተደርጎ መታሰብ አለበት። በካታሎግ የተጻፈውና በፋብሪካው ውስጥ የሚገኘው አቅም ምን ያህል ይራራቃል? በቦይለር፣ በማራገቢያ፣ በኮምፕሬሰር ላይ ለየብቻው በስንት? ይህ በመለኪያ የሚመለስ ጥያቄ ነው፣ መለኪያውም ውድ አይደለም።

እነዋሪን እንውሰድ። የሞረትና ጅሩ ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። የእነዋሪ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ሰፊ መደብና ቦይ በእጁ እየሠራ ውኃውን ያጠነፍፍ ነበር። በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ይህንን የእጅ ሥራ በበሬ የሚሠራ መደብ ማውጫ ለማድረግ ሞከረ፤ ሁለት የአገር ማረሻ ተጣምሮ ነበርና ክብደቱ አንዱ ችግር ሆነ። ቆይቶ በማረሻ ማሻሻልና በእርጥበት አያያዝ ላይ በኔዘርላንድ ዴልፍት በ2007 እ.ኤ.አ. ዶክትሬታቸውን የሠሩት ዶ/ር መለሰ ተመስገን አይባር የተባለውን መደብ ማውጫ ለገበሬው አቀረቡ። የዶክትሬት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚል ሰው ይህ ከማናቸውም ክርክር በላይ ያስረዳል፦ ጥያቄው ከእርሻው መጣ፣ ዘዴው በዩኒቨርሲቲ ተጠና፣ ውጤቱ ወደ እርሻው ተመለሰ።

የስምጥ ሸለቆው ጠርዝም አለ። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በደብረ ሲና ዙሪያ በይዛባና በሾተል አምባ የተንሸራተተው መሬት ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል የሚወርደው አውራ ጎዳና በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። የትኛው ተዳፋት በስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ከስንት ቀን በኋላ ይንቀሳቀሳል የሚለውን የሚመልስ ሥራ ለመንገድ መሐንዲሱም ለወረዳው አስተዳደርም እኩል ያስፈልጋል። የእንጀራ ምጣድም ቀላል ርዕስ እንዳይመስል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ማታ ማታ በአንድ ሰፈር ስንቱ አብሮ እንደሚበራ ማሰብ ነው።

ጥያቄው ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ሥራውን አስቀድሞ መቁጠር ነው። ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ምሳሌ እስከ ጥጉ እናስላ። በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ የሲሚንቶው መጠንከር በጣም ይዘገያል፤ አዲስ ኮንክሪት ጥንካሬው 3.5 ሜጋፓስካል ያህል ሳይደርስ ከቀዘቀዘና ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ ጉዳቱ አይመለስም። አንድ ተማሪ ሲሚንቶን በከፊል የሚተካ የአካባቢ ማዕድን የተቀላቀለበት ኮንክሪት በብርድ እንዴት እንደሚጠነክር ሊያጠና አሰበ እንበል። አምስት ድብልቅ፣ ሦስት የሙቀት ሁኔታ፣ አራት ዕድሜ ማለትም 3፣ 7፣ 28 እና 90 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ኩብ። ሲባዛ 180 ኩብ ይሆናል። ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ኩብ 3.375 ሊትር ይይዛል፣ ክብደቱም 8 ኪሎ ይደርሳል፤ ሁሉም 0.6 ሜትር ኩብ፣ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ኮንክሪት ነው። በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ቢታሰብና ብክነት ቢጨመር አምስት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ይበቃል። ላብራቶሪው 12 ሻጋታ ብቻ ካለው 15 ጊዜ መሙላት ያስፈልጋል፤ በብርድ የተቀመጠው ኩብ ደግሞ በአንድ ቀን ስለማይጠነክር በሁለት ቀን ነው የሚፈታው።

ይህን የመሰለ ቀላል ሙከራ የሚያበላሹት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ሲሚንቶው በሁለት ጊዜ ከተገዛ በድብልቆቹ መካከል የታየው ልዩነት ከማዕድኑ ይሁን ከሲሚንቶው አይታወቅም፤ አምስቱም ከረጢት ከአንድ ምርት ቀን መሆን፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ይወጣል፤ በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ ትንሽ የሙቀት መቅጃ ከሌለ ተማሪው መጥፋቱንም አያውቅ። የመጭመቂያ ማሽኑ ጭነት የሚጨምርበት ፍጥነት በሰከንድ 0.6 ሜጋፓስካል አካባቢ እንዲሆን ስታንዳርዱ ይጠይቃል፤ በእጅ የሚከፈት አሮጌ ማሽን ላይ ኦፕሬተር ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል። የማሽኑ የካሊብሬሽን ወረቀት ጊዜው ካለፈ ጆርናል ላይ ጥያቄ ይነሣል። እነዚህን ሁሉ ፕሮፖዛሉ ላይ የጻፈ ተማሪ ገና ሳይጀምር ግማሹን አሸንፏል።

የአፈር ሙከራ ከዚህ የከበደ ነው። በሚያብጥ ሸክላ አፈር ላይ የሚደረግ ቀስ ያለ የትራያክሲያል ሙከራ ማለትም ናሙናውን ዙሪያውን በግፊት ይዞ ከላይ እየጫኑ ጥንካሬውን የሚለካ ሙከራ ውኃ እስኪጠግብ፣ እስኪታመቅና እስኪቆረጥ ድረስ 10 ቀን ቢወስድ አይገርምም። 30 ናሙና በአንድ ሴል ማለትም በአንድ የናሙና መያዣ ክፍል ሲሞከር 300 ቀን ነው፣ አንዱም ሳይበላሽ። በመሃል መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሩ ከቆመ የውስጥ ግፊቱ ይወርድና ያ ናሙና ይጣላል። ስለዚህ ሁለት ሴል ያለው ላብራቶሪ ወይም ግፊቱን በውኃ ዓምድ የሚይዝ ዘዴ መፈለግ፣ ካልሆነም የናሙናውን ቁጥር ወደ 15 አውርዶ ጥያቄውን ማጥበብ ይገባል። ማጥበብ ሽንፈት የሚመስላቸው አሉ፤ ፈታኞች ግን በ15 ንጹሕ ውጤት የተደገፈን ጠባብ ጥያቄ በ40 አጠራጣሪ ውጤት ከተደገፈ ሰፊ ጥያቄ ይመርጣሉ።

አማካሪ ሲመረጥ ስሙን ከመጠየቅ በፊት ተማሪዎቹን መጠየቅ ነው። ባለፉት ዓመታት ስንት ተማሪ አስመረቀ፣ በስንት ዓመት? አሁን ስንት ተማሪ በእጁ አለ? የተላከለትን ምዕራፍ በስንት ሳምንት አንብቦ ይመልሳል? የሚያስፈልገው ማሽን ዛሬ ይሠራል ወይስ መለዋወጫ ይጠብቃል፣ ማንስ ነው የሚያንቀሳቅሰው? ናሙና ወደ ውጭ ላብራቶሪ ቢላክ ማን ይከፍላል? ከአማካሪው ተማሪዎች ሁለቱን ለየብቻ አግኝቶ እነዚህን የጠየቀ ሰው ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ የደረጃ ሰንጠረዥ የበለጠ ያውቃል። ትልቅ ስም ኖሮት በዓመት ሁለት ጊዜ ከሚገኝ ሰው በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት የሚሰጥ ረዳት ፕሮፌሰር ይሻላል፤ በዚህ ላይ አንጠራጠርም።

በአገር ውስጥ ለመማር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ምዘና፣ አጭር የምርምር ሐሳብ እና አብዛኛውን ጊዜ ቃለ መጠይቅ አለ። ከገቡ በኋላ መንገዱ በብዙዎቹ ተመሳሳይ ነው፦ የኮርስ ጊዜ፣ ኮምፕሪሄንሲቭ ማለትም ኮርሶቹን ሁሉ የሚያጠቃልል ፈተና፣ የፕሮፖዛል ዲፌንስ፣ በየሴሚስተሩ የሂደት ሴሚናር፣ በጆርናል የወጣ ወይም ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ፣ በመጨረሻ የውጭ ፈታኝ ያለበት ግልጽ ዲፌንስ። በወረቀት አራት ዓመት ነው። የሚያዘገየው በተለምዶ በፕሮፖዛል ዲፌንስና በመጀመሪያው ሙከራ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ የውጭ ምንዛሪ፣ የጨረታ ሂደትና ጉምሩክ ተደማምረው ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የግዢ ጥያቄው ኮርስ እየተወሰደ ሳለ መግባት አለበት፤ አልያም በእጅ ባለ መሣሪያ የሚሠራ ምዕራፍ አስቀድሞ መቅረጽ።

ለደብረ ብርሃን ሰው አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነች የ5 ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅርብ ነው፤ የመስክ ቦታው ሰሜን ሸዋ ከሆነ ተመላልሶ መሥራት ይቻላል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚሁ መስመር ይታያሉ። በብርድ ልብስና በሱፍ ሥራ ላይ ላለ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ባሕር ዳር፣ ለውኃ መሐንዲስ አርባ ምንጭ የቆየ ስም አላቸው።

ውጭ አገር ሲታሰብ አንዱ አገር ከሌላው በአሠራር ፈጽሞ ይለያል። በኔዘርላንድ የዶክትሬት ተማሪ ተቀጣሪ ሠራተኛ ነው፤ ማስታወቂያው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ውሉ የአራት ዓመት ነው፣ ደመወዝ አለው። በጀርመንም ብዙው የምህንድስና ዶክትሬት በተቋሙ የምርምር ሠራተኛ ሆኖ የሚሠራ ነው፤ መንገዱ የሚጀምረው ከፕሮፌሰሩ ጋር በመነጋገር ነው። ውልም ስኮላርሺፕም ሳይዝ የሚሄድ ተማሪ ለቪዛው በዝግ የባንክ ሒሳብ የዓመት መተዳደሪያ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ መጠኑ በ2024 እ.ኤ.አ. መጸው 11,904 ዩሮ ሆኖ ነበር። በአሜሪካ ማስተርስ ያለውም የሌለውም ለዶክትሬት ማመልከት ይችላል፤ ትምህርቱ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ይሄዳል፤ ተማሪው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ይሠራና የትምህርት ክፍያው ተነሥቶለት ወርኃዊ ገንዘብ ያገኛል። ለመስከረም መግቢያ ማመልከቻው በአብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያውን በኢሜይል ጠይቆ ማስቀረት የሚቻልባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው። የቻይና መንግሥት ሙሉ ስኮላርሺፕ ለዶክትሬት ተማሪ በወር 3,500 ዩዋን ከመኝታ ጋር ይሰጣል። እንግሊዝ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ዓይነት የምህንድስና ዶክትሬት አላት፤ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜውን በኩባንያ ውስጥ የኩባንያውን ችግር እያጠና ያሳልፋል። ፋብሪካ ውስጥ መኖር ለሚፈልግ ይህ የተሻለ ነው። ሳንድዊች የሚባለው ደግሞ ከፊሉን እዚህ፣ ከፊሉን ውጭ የሚያሠራ ነው። የመስክ ሥራቸው ሰሜን ሸዋ ለሆነ ሰዎች ከሁሉም እርሱን እንመርጣለን፤ ናሙናውም ማሽኑም በየቦታቸው ይገኛሉና።

ለውጭ ፕሮፌሰር የሚጻፈው ኢሜይል ከ200 ቃል አይለፍ። በመጀመሪያው አንቀጽ የፕሮፌሰሩን አንድ ጽሑፍ ጠቅሶ በእርሱ ላይ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ማንሣት፤ በሁለተኛው የራስን ጥያቄና በእጅ ያለውን መረጃ መግለጽ፤ በሦስተኛው የትኛውን መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር በእጅ እንደሠሩ መናገር፤ ሁለት ገጽ ሲቪ ማያያዝ። «ውድ ፕሮፌሰር፣ በማንኛውም ርዕስ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል ኢሜይል አይነበብም፤ በማንኛውም ርዕስ የሚሠራ ሰው ርዕስ የለውም ማለት ነውና። የደብረ ሲናን ተዳፋት የሦስት ክረምት ፎቶና የዝናብ መዝገብ የያዘ ሰው ግን ፕሮፌሰሩ የሌለውን ነገር ይዟል።

ኅትመት ላይ ብዙ ተማሪ ይጎዳል። የምህንድስና ጆርናል ግምገማ ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያም ማሻሻያ ይጠየቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጽሑፍ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ካልተላከ መመረቂያው ይገፋል። በሳምንት እናወጣለን የሚሉና ገንዘብ የሚጠይቁ ጆርናሎች ወጥመድ ናቸው፤ ጽሑፉ ወጥቶም በዩኒቨርሲቲው ላይቆጠር ይችላል፣ ሌላ ጆርናል ላይ ዳግም ማውጣትም አይቻልም። ከመላክ በፊት ጆርናሉ ዩኒቨርሲቲው በሚቀበለው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። በደንበኝነት የሚነበቡ ታዋቂ ጆርናሎች በአብዛኛው ከጸሐፊ ገንዘብ አይጠይቁም። ክፍት የሆኑት ብዙ ጊዜ ከሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፤ ሆኖም ከታላላቆቹ አሳታሚዎች ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑት ጆርናሎቻቸው ላይ ከኢትዮጵያ ለሚጽፉ ክፍያውን ያነሣሉ፤ ማመልከቻው ጽሑፉ ሲላክ እንጂ ከተቀበሉት በኋላ አይደለም። ለማንበብም ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው መርሐ ግብር ተቋማት ነፃ መዳረሻ ያገኛሉ፤ ለምህንድስና የሚሆነው ክፍሉ አርዲ ይባላል። የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት የይለፍ ቃል መጠየቅ ነው።

ስለ ሶፍትዌርም አንድ ነገር። በተሰበረ ፈቃድ የሚሠራ ሶፍትዌር ጽሑፍ ላይ ሲጠቀስ ችግር ያመጣል፤ ውጤቱን የሚገመግም ሰው የፈቃዱን ዓይነት ሊጠይቅ ይችላል። በነፃ የሚገኙት ለፕሮግራም ፓይተን፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለፈሳሽ ፍሰት ስሌት ኦፕንፎም እና ለማጣቀሻ ዞቴሮ ለአብዛኛው የዶክትሬት ሥራ ይበቃሉ። መረጃው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤትም ከቢሮም ውጭ። ላፕቶፕ ስለጠፋ የጠፋ ዶክትሬት አለ።

ለማን አይሆንም? ግንባታ ራሱን ለሚወድ፣ ተቋራጭ ለመሆን ለሚፈልግ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ገቢውን መጨመር ለሚያስፈልገው ሰው አይሆንም። ለእነዚህ የሙያ ፈቃድን ከፍ ማድረግ፣ በአንድ ልዩ ሙያ አጭር ሥልጠና መውሰድ ወይም ሁለተኛ ማስተርስ ይሻላል። ሴት ተማሪዎች የወሊድ ፈቃዱ ከትምህርት ጊዜው ላይ ይቆረጥ ወይስ ይጨመር በጽሑፍ ማስፈር አለባቸው፤ የቃል ተስፋ አማካሪ ሲቀየር ይጠፋል።

በዩኒቨርሲቲ ተቀጥረው የሚሄዱ ሰዎች የሚፈርሙት ውል አለ፤ ከተመለሱ በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባቸው፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚመልሱ፣ ዋስ ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ዋሱ ብዙ ጊዜ የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ ስለሆነ ውሉን ከእርሱ ጋር ቁጭ ብሎ ማንበብ ይገባል። ደመወዝ እየተከፈለ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ትምህርቱ ከተራዘመ ደመወዙ ይቀጥል እንደሆነ፣ ለማራዘሚያ ደብዳቤ የሚጽፈው የትኛው ቢሮ እንደሆነ ከመፈረም በፊት ይጠየቅ። ውጭ ተምሮ የሚመለስ ሰው ዲግሪው እዚህ እንዲታወቅለት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል። ለዚህ ዋናው ዲፕሎማ፣ የውጤት ዝርዝር እና ቀዳሚዎቹ ዲግሪዎች ይጠየቃሉ፤ አንዳንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት የውጤት ዝርዝር የሚባል ነገር ስለማይሰጡ፣ ከመመለስ በፊት የትምህርቱን ቆይታ፣ የተሠራውን ሥራና የዲፌንሱን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ከፋኩልቲው መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህ ሆኖ በኢሜይል ማስጻፍ ወራት ይፈጃል።